ዶላር ሲወጣ የአጋሮ ገበሬ ምን አገኘ?

«ብር ሲወርድ ቡና አምራቹ ይጠቀማል» ይሉናል ሊቃውንቱ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ያው ቡና፣ ያው ዶላር፣ ግን ብዙ ብር! መስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ የተነገረን ይኸው ነበር። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲቀነስም ተደገመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወር ውስጥ 100ን ሲዘልም ያንኑ ሰማን።

ለመሆኑ ይህ «ብዙ ብር» ማን ኪስ ገባ?

ከአጋሮ እስከ ሊሙ፣ ከማና እስከ ጌራ ገበሬው እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ ይሸጣል። ላኪው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስመጪም ነው። የሚፈልገው ዶላሩን ነውና ቡናውን በኪሳራም ቢሆን ሸጦ፣ ኪሳራውን ከውጭ ባስገባው ዕቃ ላይ ይጭነዋል። ያ ዕቃ ዞሮ ዞሮ አጋሮ ሱቅ ይደረደራል። ገበሬው በቀኝ እጁ የተቀበለውን ለዘይትና ለቆርቆሮ በግራው ይመልሳል ማለት ነው።

ሹማምንቱ «በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘን» ብለው እንድናጨበጭብ ይሻሉ። ቁጥሩን አንክድም። ግን በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ታዲያ ዶላሩን ያመጣው የእነሱ ፖሊሲ ነው ወይስ የብራዚል ድርቅ? ሁለቱ ሳይለዩ ምን ጭብጨባ አለ?

ምሁር እንዲህ አያደርግም። ስቴፋን ዴርኮንና ሉልሰገድ አያሌው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ገበሬው ለዋጋ የሚሰጠውን ምላሽ ሲመረምሩ በኮንትሮባንድ የሚወጣውንም ቡና ሂሳብ ውስጥ አስገብተዋል። ያልታየውን ሳይቆጥሩ ድምዳሜ የለምና!

የጥቁር ገበያው ዘመን ይመለስ አላልንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በየምርት ዘመኑ የአንድ ኪሎ እሸት ቡናን የአጋሮ ዋጋ፣ ላኪው ከሸጠበት ዋጋና ከጤፍ፣ ከዘይት ዋጋ ጎን አስቀምጦ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያውጣ። ገበሬው አንብቦ ይፍረድ።

አለዚያ የጅማ ገበሬ ዶላር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል።

ቸር ይግጠመን!