ሳሊግና እንዲጠቅም መቆረጥ አለበት

በጋው እየገፋ ሲሄድ የዋግ ኽምራ ተራሮች አመድማ ይሆናሉ። ሣሩ ይደርቃል፤ የገለባው ክምር ያልቃል፤ ፍየሉና በጉ የሚቀመስ ነገር ፍለጋ ከተራራ ተራራ ይንከራተታል። በዚህ ወቅት በሰቆጣ ዙሪያ በለሙ ተፋሰሶች አረንጓዴ ሆኖ ከሚታየው ጥቂት ነገር አንዱ አካሽያ ሳሊግና ነው። ስለዚህ ዛፍ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ ወገን የተራቆተ መሬት ሁሉ መድኃኒት አድርጎ ያየዋል። ሌላው መጤና ወራሪ ነውና ከሥሩ ይነቀል ይላል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፤ ከተተከለ በኋላ ማን፣ መቼ፣ እንዴት ይቆርጠዋል?

የሳሊግና አገሩ ደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ነው። በስስና ድንጋያማ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ድርቅን ይችላል፤ በሥሩ ላይ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካኝነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል። ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ በቀረበት ገደል እንዲህ ፈጥኖ የሚቆም ዛፍ ማግኘት ቀላል አይደለም። በእርከንና በጎርፍ መከላከያ ሥራ ላይ የዋለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ያለው ዘሩ ላይ ነው። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች የሳሊግናን ዘር ከመዝራታቸው በፊት የፈላ ውኃ የሚያፈሱበት ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ይኸው ቅርፊት ዘሩ በአፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ለብዙ ዓመታት እንዲቆይ ያደርገዋል። ዘሩን ጎርፍ፣ ወፍና ጉንዳን ያሰራጩታል። እሳት ሲነካው ደግሞ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና በአንድ ጊዜ በብዛት ይበቅላል። ስለዚህ ሳሊግና የበዛበትን ቦታ በማቃጠል አጸዳለሁ የሚል ሰው ራሱ ዘሪ ይሆናል።

ደቡብ አፍሪካ ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ዳርቻ አሸዋ እንዲይዝ ተብሎ የገባው ሳሊግና በኬፕ አካባቢ የአገሬውን ዕፅዋት ሸፍኖ ወራሪ ሆነ። በመጨረሻም በ1987 እ.ኤ.አ. ዛፉን የሚያዳክም ፈንገስ ከአውስትራሊያ አስመጥተው እስከ መልቀቅ ደረሱ። ከቅርብ ደግሞ የአፋር ፕሮሶፒስ አለ። ዛፉ ሌላ ቢሆንም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ በረሃውን ያለማል ተብሎ ገብቶ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የግጦሽና የእርሻ መሬት ይዟል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በዋግ አሳሳቢው ነገር የጥበቃው አሠራር ነው። ተራራው ከንክኪ ነፃ ሲደረግ ከብት አይገባም፤ መጥረቢያም አይገባም። ለወይራው፣ ለቁርቁራውና ለግራሩ ይህ ትክክል ነው፤ አድገው ዘር እስኪሰጡ ጊዜ ይፈልጋሉና። ሳሊግና ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብቦ ፍሬ ያፈራል። ያልተነካ ሳሊግና ዓመት በዓመት ዘሩን አፈር ውስጥ ያከማቻል፤ ሲጠጋጋም ከሥሩ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ብርሃንና እርጥበት ያጣል። አገር በቀሉን ለማዳን የወጣው ክልከላ በዚህ መንገድ መጤውን ያሳድጋል።

መቆረጡ ለአርሶ አደሩም ይጠቅማል። ቅጠሉ ለበጋ መኖ ይሆናል። ይሁን እንጂ ታኒን የሚባል የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ስላለበት ከብቱ በቅጠሉ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሙሉ ጥቅም አያገኝም። ስለዚህ ብቻውን ቀለብ አይሆንም፤ በጥላ ሥር ደርቆ ከገለባና ከሣር ጋር ተደባልቆ በመጠኑ ይሰጣል። ፍየል ከበግ ይልቅ ይቋቋመዋል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢው ስላለ የመኖውን መጠን ከማዕከሉ ባለሙያዎች ጋር መወሰን ይቻላል።

እንጨቱን በተመለከተ ብዙ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይደለም። ግንዱ ብዙ ጊዜ አጭርና ከሥር የተከፋፈለ ስለሆነ ለጣውላ አይመችም። ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለአጥርና ለቀላል የግንባታ እንጨት ግን ይሆናል። ከሳሊግና የሚገኝ አንድ ሸክም ማገዶ አንድ ወይራ ከመቆረጥ ሊያድን ይችላል። ማር አምራቾችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ንብ ከአካሽያ አበባ የምታገኘው በዋናነት ጽጌ ብናኝ ነው፤ ማር የምትሠራበትን ወለላ እንደ መንተሴ ካሉ አገር በቀል ዕፅዋት ትፈልጋለች። ሳሊግና መንተሴውን ተክቶ ተራራውን ከሸፈነ አረንጓዴው በዝቶ ማሩ ሊቀንስ ይችላል።

ከአዊም ትምህርት ይወሰዳል። የፋግታ ለኮማ አርሶ አደሮች አካሽያ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጠው፣ ከሰል አክስለው፣ መሬቱን መልሰው እያረሱ ብዙ ገቢ አግኝተዋል። ዛፉ የተጠቀመበትን ሰው የሚያውቅ፣ ቆራጭም ተካይም ያለው ስለነበር ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ዛፍ ላይ ስለተደገፈ በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲገባ ጉዳቱ ከባድ ሆኗል። ዋግ የመጀመሪያውን መኮረጅ፣ ከሁለተኛው መጠንቀቅ አለበት።

ሕጉ መንገድ ከፍቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ከደን ይዞታ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ያውቀዋል። ወረዳና ቀበሌ የሚጠበቅባቸው ከንክኪ ነፃ ለሆነው እያንዳንዱ ተፋሰስ የአጠቃቀም መተዳደሪያ ማዘጋጀት ነው። መተዳደሪያው አራት ነገር ቢይዝ ይበቃል። ሳሊግና በወንዝና በጅረት ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ደንና በእጣን ዛፍ አካባቢ አይተከልም። የተተከለው ፍሬው ከመድረቁ በፊት በየዓመቱ በተራ ይቆረጣል። ቅጠሉና ማገዶው ተራራውን ለጠበቁ አባወራዎችና እማወራዎች ይከፋፈላል፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶችም ይካተታሉ። ክፍት በሚሆነው ቦታ ወይራ፣ ቁርቁራና ግራር ይተካል።

በየክረምቱ የሚቀርበው ሪፖርት የተተከለውን ችግኝ ቁጥር ይናገራል። ከዚህ በኋላ ስንት ሳሊግና በጊዜው እንደተቆረጠ፣ በቦታውም ስንት አገር በቀል ዛፍ እንደቆመ አብሮ ይጠየቅ። ሳሊግና ለተራራው ማገገሚያ እንጂ መጨረሻ መሆን የለበትም።