ሻይላጃ ቲቸር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኬን ስታስተካክልልኝ ሳሪ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ፎቶ አገኘችና «እማዬ፣ እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አለችኝ። «የጤና ሚኒስትር የነበሩ ናቸው» አልኳት። «የእኛ?» አለች። የእኛም የመላው ህንድም አይደሉም፤ የኬራላ ናቸው። ህንድ ውስጥ እያንዳንዱ ክልል የራሱ ካቢኔና የራሱ የጤና ሚኒስትር አለው፤ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያም በዋናነት የክልሉ ሥራ ነው።

ኬራላ ለእኔ ዕድሜ ሰዎች ሩቅ አገር አይደለችም። ድሮ በየአውራጃው ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ ሴትዮ መልሳችን ደስ ሲያሰኛቸው ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዙ ነበር፤ እኛ ደግሞ ተሳስተናል ብለን እንደነግጣለን። በዓይን ስለማይታይ ተውሳክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእርሳቸው አፍ ነው።

ኬ. ኬ. ሻይላጃም እ.ኤ.አ. በ1956 የተወለዱ የሳይንስ መምህርት ናቸው። በ1996 ለክልሉ ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ2004 ደግሞ ማስተማሩን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለፖለቲካ ሰጡ። በ2006 አሸነፉ፣ በ2011 ተሸነፉ፣ በ2016 እንደገና አሸንፈው የጤና ሚኒስትር ሆኑ። የአገራቸው ሰው እስከ ዛሬ «ሻይላጃ ቲቸር» ነው የሚላቸው። በእርሳቸው ዘመን የየመንደሩ ጤና ጣቢያዎች ሐኪምና ነርስ ተጨምሮላቸው፣ ከሰዓት በኋላም ታካሚ እንዲያዩ ተደረገ። የቀን ሠራተኛ የሥራ ቀኑን ሳያቃጥል መታከም ቻለ ማለት ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ግን ያውቀዋል።

እኔን የማረከኝ የ2018ቱ የኒፓ ወረርሽኝ ነው። ኒፓ ከፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሚመጣ ቫይረስ ነው፤ ክትባት የለውም፣ የተረጋገጠ መድኃኒትም የለውም። ኮዢኮድ አካባቢ አንድ ወጣት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞተ። ሐኪሞች የጠረጠሩት ወንድሙ በተመሳሳይ ሕመም ሲመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ታማሚ ያስታመመች አንዲት ነርስ ሁለት ትንንሽ ልጆቿን ሳትሰናበት፣ ለባሏ አጭር ደብዳቤ ጽፋ ሞተች። ብዙዎቹ በሽታውን የያዙት ሆስፒታል ውስጥ፣ ታማሚው ሲያስል በአጠገቡ የነበሩ ናቸው። (ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሕዝብ ባየሁ ቁጥር ይህ ይመጣብኛል።)

ላቦራቶሪው ውጤቱን እንዳረጋገጠ ሻይላጃ ኮዢኮድ ሄዱ። የበሽታው ስም በይፋ ተነገረ። የታመመና የሞተ ሰው ቁጥር በየቀኑ ይገለጽ ነበር። ከታማሚ ጋር የተነካኩ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ክትትል ተደረገላቸው። በመንግሥት ቆጠራ 17 ሰዎች ሞቱ፤ ወረርሽኙም ከዚያው አካባቢ ሳይሰፋ ቆመ።

ይህን ስሰማ ያስታወስኩትን ልናገር። አንድ ዓመት በሠራሁበት ወረዳ ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ሕፃን አመጡልን። ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። አለቃችን ግን «ሪፖርት ላይ አተት በሉ፤ ኮሌራ የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ» አለን። እናቲቱ «ሲስተር፣ ልጄን ምን ያዘው?» ስትለኝ «ሆዱን ነው» አልኳት። ልጁ ሞተ። አስከሬኑን ያጠበችው ጎረቤት በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ መጣች። ኮሌራ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ውኃውንም እጃቸውንም ይጠነቀቁ ነበር። አለቃው ነው ያዘዘኝ፤ ምላሱ ግን የእኔ ነበር።

በጥር 2020 መጨረሻ ህንድ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው ኬራላ ነው፤ ከዉሃን የተመለሰች ተማሪ። ዓለም ስለ ሻይላጃ ያወራው ያኔ ነው። እንከን አልነበረም አልልም፤ የመከላከያ አልባሳት በውድ ተገዝቷል የሚል ክስ ተነሥቷል፣ ሳይቆጠሩ የቀሩ ብዙ ሟቾችም ኋላ ላይ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል።

በ2021 ምርጫ ሻይላጃ በ60,963 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ፓርቲያቸው፣ የህንድ ኮሙኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት)፣ ግን ከዋና ሚኒስትሩ በቀር የቀድሞ ሚኒስትሮቹን በሙሉ በአዲስ ሰው ይተካ አለና ከካቢኔ ወጡ። በ2022 የማግሳይሳይ ሽልማት ሲቀርብላቸውም ሥራው የብዙ ሰው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም ተብሎ፣ ደግሞም የሽልማቱ ስም የኮሙኒስቶች ጠላት የነበሩ የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ስም ስለሆነ፣ ሳይቀበሉት ቀሩ። በ2024 ለፌዴራሉ ፓርላማ ተወዳድረው ከ100 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ተሸነፉ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ አላኮረፉም?» አለች። ቢያኮርፉም ከፓርቲያቸው አልወጡም አልኳት። «አንቺስ ብትሆኚ?» ስትለኝ ቡናው እየገነፈለ ነበር፤ ተነሣሁ። ስመለስ ስልኬን አስተካክላ ጨርሳ ነበር፤ ፎቶውን አላጠፋችውም።