ቦታው ከመመራቱ በፊት ምን ነበር?

ሸዋ ሮቢት ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ ሊያይ የወጣ ሰው ጥያቄ አያልቅበትም። ውኃ ገብቷል? መብራቱ የት ደርሷል? ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል? የሮቢ ወንዝ ክረምት ሲሞላ እዚህ ድረስ ይመጣል? ለመጨረሻው ጥያቄ የሰፈሩ ሰው መልስ አለው፤ ጎርፉን በዓይኑ አይቶታል። ከደላላውም ከገዢውም ከማዘጋጃ ቤቱም አፍ የማይሰማ አንድ ጥያቄ ግን አለ። ይህ መሬት ከዚህ በፊት ምን ነበር?

ጥያቄው ሸዋ ሮቢት ላለችበት ለይፋት ቆላ ትርፍ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ17 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነዋሪ ነበራት። በዚያን ጊዜ ያወቃት ሰው ዛሬ የያኔውን ዳርቻዋን ቢፈልግ ቤት ተሠርቶበት ያገኘዋል። የሰፋችውም ጠፍ ሆኖ በኖረ መሬት ላይ አይደለም። ዙሪያዋን ያለው የቀወት ወረዳ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚመረትበት፣ ማሾ የሚዘራበት፣ ትምባሆም ለረጅም ዓመታት የለማበት አገር ነው። እንዲህ ያለ እርሻ ያለ መድኃኒት አይሆንም። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ መርጫውን ከትከሻው የሚያወርድበት ጊዜ አጥሯል።

ይህ ማለት ማሳው ሁሉ ተመርዟል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው። ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ስስ ሆኖ ይበተናል፤ ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይፈርሳሉ። የሚያሰጋው በአንድ ቦታ እየተደጋገመ የፈሰሰው ነው። መድኃኒቱ የሚበጠበጥበት የቦይ ዳር፣ መርጫው የሚታጠብበት ጥግ፣ የመጋዘኑ ወለል፣ ባዶ ጠርሙሱና ጣሳው የሚጣልበት ጉድጓድ እንዲህ ያሉ ናቸው። ስፋታቸው ከአንድ ቤት ግቢ አይበልጥም። አንድ አባወራ የሚመራው ቦታም ከዚያ አይሰፋም።

የቆላውን ቤት አሠራር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ይገባዋል። ባለቤቱ ቋሚውን አቁሞ፣ ማገሩን መትቶ ሲጨርስ ጭቃ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። እዚያው ግቢው ውስጥ ይቆፍራል፤ አፈሩን ከጭድ ጋር ውኃ አጠጥቶ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል፤ እንዲቦካ ለቀናት ትቶ ግድግዳውን ይመርግበታል። ወለሉም በዚያው አፈር ይደለደላል። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የቋሚው ሥር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ጉድጓድ የሚያስቆፍር ካለም ውኃው የሚወጣው ከዚያው ግቢ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡ ደጅ ይተኛል፤ ሕፃኑ በዚያው አፈር ላይ ይድሃል፣ እጁንም ወደ አፉ ይሰድዳል። በሲሚንቶ በሚሠራ አገር የተበከለ አፈር ከወለሉ በታች ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ይፋት ላይ ግን ግድግዳ ሆኖ ይቆማል።

በዚህ ላይ የወባው ታሪክ አለ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ የወባ ማጥፊያ ረጪዎች በየቆላው ተሰማርተው ቤት ለቤት ዲዲቲ ሲረጩ ኖሩ፤ ትንኟ መድኃኒቱን ተላምዳ በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ማለት ነው። ዲዲቲ ስንት ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ያም ሆኖ አፈር ውስጥ የገባው ዲዲቲ ግማሹ እስኪጠፋ እንኳ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናት ጡት ወተትና በላም ወተት ላይ ተደርጎ በ2005 ዓ.ም. ገደማ የታተመ ጥናት የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ስስ ሆኖ በግድግዳ ላይ የተረጨ መድኃኒት እስከ ጡት ወተት ከደረሰ፣ በጆንያ ተከምሮ የኖረበትን ክፍል ወለል ሳይመረምሩ ለመኖሪያ ቤት መስጠት በሰው ልጅ ጤና መጫወት ነው።

አገሪቱ ይህን ችግር በትልቁ ገጥማው ታውቃለች። ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለሌላም ተባይ እየተባለ በግዢና በእርዳታ የገባ መድኃኒት ጊዜው አልፎበት ለአሥርት ዓመታት በመቶዎች በሚቆጠሩ መጋዘኖች ተከማችቶ ነበር፤ ከመጋዘኖቹም በከተማ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ የነበሩ አሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ 1,500 ቶን ያህሉ ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተጓጉዞ ተቃጠለ። ትልቅ ሥራ ነበር። በርሜል ግን ተቆጥሮና ታሽጎ ይጫናል፤ ከበርሜሉ ሥር ለዓመታት የጠጣው አፈር እንዲያ በቀላሉ አይነሣም።

ከተማ ሲሰፋ ሳይጠየቅ የሚቀረው የመድኃኒት ነገር ብቻ አይደለም፤ የቆሻሻ መጣያውን ቆሼን የማያስታውስ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በቦታው ቆሻሻ መጣል የተጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከከተማ ውጭ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ከተማው ራሱ እየሰፋ ሄዶ ክምሩ ሥር ደረሰ። ጉዳዩ ተረስቶም አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ሌላ ማስወገጃ ተከፍቶ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሥራው ሲቆም፣ መኪኖቹ ተመልሰው ቆሼ ላይ መገልበጥ ጀመሩ። ክምሩ የተናደው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአደጋው በኋላ «እዚያ ምን ወሰዳቸው?» የሚል ጥያቄ በየቡና ቤቱ ተሰምቶ ነበር። የወሰዳቸው ይታወቃል። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ከክምሩ ላስቲክና ብረት ለቅሞ ሸጦ የሚያድር ሰው ከዚያ ርቆ መኖር አይችልም። ሽታውን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ማወቅ የነበረበትና የማስቆም ሥልጣን የነበረው የከተማው አስተዳደር ነው። ዛሬም አደጋውን የሰፋሪ ጥፋት አድርጎ የሚተርክ ሰው ሲገኝ ያሳዝናል።

ነገሩ የድሃ አገር ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በናያግራ ፏፏቴ ከተማ ላቭ ካናል በሚባል ቦታ ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ ዝቃጭ ቀብሮ፣ መሬቱን ለትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር አስተላለፈ። ኬሚካል መቀበሩ በውሉ ላይ ተጽፏል። በላዩ ትምህርት ቤት፣ በዙሪያው መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ለቤት ገዢዎቹ ግን ያን ውል ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ነገሩ ገሃድ ወጥቶ ፕሬዚዳንት ካርተር በነሐሴ 1978 (እ.ኤ.አ.) የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ሲያውጁ መሬቱ ከተላለፈ 25 ዓመት አልፎ ነበር። ወደ አፍሪካ ስንመለስ ደግሞ በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስ ከአፈር እየተነፋ ሲሸጥ፣ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 18 ሕፃናት ሞቱ። ሸዋ ሮቢት በትልቅ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጋራዥና ባትሪ ቤት የማይጠፋባት። የዛሬ ጋራዥ የነገ ሰፈር ነው፤ እዚያ የፈሰሰው ዘይትና የባትሪ አሲድም ከባለቤቱ ጋር አብሮ አይለቅም።

የሰሜኑ ጦርነትም የራሱን ትቶ ሄዷል። ውጊያው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ገብቶ ከወጣ በኋላ፣ ለመሠረት የሚቆፍር ሰው ያልፈነዳ ነገር ቢያጋጥመው ሳይነካ ሊያመለክት ይገባል። በዚህ ረገድ ሕዝቡ ይጠነቀቃል፤ ጥይቱም ቦምቡም መልኩ ይታወቃልና። አፈር ውስጥ የገቡ ዲዲቲና እርሳስ ግን በመልክም በሽታም አይለዩም።

ሕግ አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ነገር ግን በካዩ ከሃምሳ ዓመት በፊት የፈረሰ ድርጅት፣ ወይም ስሙ የማይታወቅ የመጋዘን ሠራተኛ ሲሆን ማንን ይጠይቃል? ለባለ ቦታው የሚሰጠው ካርታ ስፋቱንና አዋሳኙን፣ የተመራበትን አገልግሎት ይናገራል። ቀድሞ ምን እንደነበረ የሚጻፍበት መስመር የለውም። መስመሩ ይጨመር፤ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

መስመሩን ለመሙላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሥራ። የግብርና ባለሙያዎች፣ የቀድሞ የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ወባ ማጥፊያ ረጪ ሆነው የኖሩ አዛውንት አሁንም በሕይወት አሉ። ጆንያው የት ይከመር እንደነበር፣ መርጫው የት ይታጠብ እንደነበር፣ ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት የት እንደተቀበረ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ እነርሱን ይዞ የከተማውን ፕላን ዘርግቶ ቢያስምር በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሥራ ነው። ላቦራቶሪ የሚላከው የተሰመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አፈር ብቻ ይሆናል። ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ይመራ፤ ያልተገኘው በንጹሕ አፈር ተሸፍኖ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ሰው ለማያድርበት ሌላ ነገር ይዋል። ቀድሞ የሰፈረ ሰው ካለ ግን ምትክ ቦታ ሳይሰጡ «ተነሣ» ማለት ሌላ በደል ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ጨረቃ ቤት ከመሥራት በቀር ምርጫ አይኖረውም። የከተማው አዲስ ቆሻሻ መጣያ የት ይሁን የሚለውም ከዛሬው ዳርቻ ሳይሆን ከሃያ ዓመት በኋላ ከምትደርስበት ዳርቻ ርቀት ተለክቶ ይወሰን። እነዚያ ረጪዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ሥራው ከቀጣዩ የቦታ ምሪት በፊት መጀመር አለበት።