ኢንቴልን ለመቅበር የቸኮሉት

«ኢንቴል አከተመለት፤ ገንዘባችሁን አርም ላይ አድርጉ» የሚለውን፣ ስለ ኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያዎች የተጻፈውን የሰሞኑን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ለቀብር ወጥተዋል፤ ሟቹን ግን አላዩም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ተፎካካሪው ኤኤምዲ ኦፕተሮን የተባለውን የሰርቨር ቺፕ ሲያወጣም ስለ ኢንቴል የተወራው ይኸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢንቴል የሰርቨሩን ገበያ መልሶ ጠቀለለው፤ ኤኤምዲ እንደገና ነፍስ የዘራው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኤፒክ በተባለው የሰርቨር ቺፑ ነው።

የአርሙ ክርክር ደግሞ ይብሳል። በአርም ንድፍ የተሠራው የአማዞኑ ግራቪተን ቺፕ ገበያ ወጥተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም፤ የሚገኘው ከራሱ ከአማዞን በኪራይ ነው። ወላይታ ሶዶ ላይ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ የያዘ ባለሙያ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ግልገል ጊቤ 3 ጎረቤቱ ሆኖ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ መብራት ድርግም ሲል ዩፒኤሱ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ይይዛል ወይ? በኢንቴል ማሽን ላይ ሲሠራ የኖረው አሮጌው የደመወዝ ፕሮግራምስ? ኤኤምዲ ላይ ቢጫን በአብዛኛው ይሠራል፤ አርም ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና መሰናዳት አለበት። የፕሮግራሙ ባለቤት ከጠፋ ደግሞ ማን ያሰናዳዋል?

ኤፒክ ብዙ ኮር በአንድ ማሽን አጭቆ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል መባሉን አልክድም። የአክሲዮን ምክሩ ግን ያስቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሥራ በጀመረው የአገራችን የአክሲዮን ገበያ ኢንቴልም፣ ኤኤምዲም፣ አርምም አይሸጡም።