ከጡት ነቀርሳ በኋላ ስለሚያብጥ ክንድ

በሚዳቀኝና በባኮ ጥቤ ወረዳዎች፣ በባዶ እግሩ ቀዩን አፈር እየረገጠ ያደገ ገበሬ እግሩ ሲወፍርና ቆዳው ሲሻክር ሰው ሁሉ «ዝሆኔ ነው» ብሎ ያውቀዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው የደጋ አፈር መሆኑን ካስረዳ ወዲህም የጫማና የንጽሕና ጥቅም በግልጽ ታውቋል። እብጠትን ይህን ያህል የለመደው የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ፣ ጡቷ በነቀርሳ ምክንያት የተቆረጠባት እናት ክንዷ ሲያብጥ፣ ሕማሙ ከዝሆኔ ጋር ያለውን ዝምድና ሳይገነዘብ መቅረቱ ልቤን እጅግ ያሳዝነዋል።

በሥጋችን ውስጥ ከደም ሥር የሚወጣውን ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ፣ ሊምፍ የሚያስተላልፉ ረቂቃን መስመሮች አሉ፤ የክንዱም ፈሳሽ በብብት ውስጥ ባሉት ንፍፊቶች በኩል ያልፋል። ሐኪሙ የነቀርሳውን መዛመት ለመግታት ንፍፊቶቹን ሲያወጣ፣ ወይም የጨረር ሕክምና ሲያደርቃቸው፣ ፈሳሹ መተላለፊያ አጥቶ በክንድ ይጠራቀማል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ይህ ከአምስት ታካሚዎች በአንዷ ገደማ ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ቢገለጥም፣ ዘግይቶ የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

ክንዱ ለዓይን ከማበጡ አስቀድሞ ይከብዳል፣ ቀለበት ይጠብቃል፣ እጅጌ አልገባ ይላል። ደዌውን ለመግታት የሚቀለውም በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን የአምቦ ሴት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ፣ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታክማ፣ በሕይወት ስለ መመለሷ ፈጣሪዋን እያመሰገነች ሳለ፣ «ክንዴ ከበደኝ» ብሎ መናገር ውለታ ቢስነት ይመስላታል፤ ሕመሙን በውሃ መቅዳትና በእንጀራ መጋገር ታመካኛለች። ሲብስባትም በምላጭ የሚበጣ ወይም ዋግምት የሚያደርግ ይጠራላታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በዚያ ክንድ ላይ የሚደረግ ብጣት ለመግል በር መክፈት ነውና። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት የተባለችው አምቦ በውሃዋ ብትከበርም፣ የፍል ውሃ ሙቀት እብጠቱን ሊያባብሰው እንደሚችል ካህናቱም ሐኪሞቹም ለምእመናን ቢነግሩ መልካም ነው።

ሕማሙን ለመለየት ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ሁለቱም ክንዶች ከአንጓ ጀምሮ እስከ ላይ በተወሰነ ርቀት ይለካሉ፣ በመካከላቸው የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከታየ ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቴመር የተባለው ሐኪም የገለጠው ምልክትም አለ፤ በጣት ሥር ያለውን ቆዳ ቆንጥጦ ማንሣት ካልተቻለ ደዌው መኖሩን ያመለክታል። ሆኖም ክንዱ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ የደም መርጋት፣ ምርቀዛ፣ ከዚያም የከፋው የነቀርሳው መመለስ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

«የሚለበሰው የመጭመቂያ እጅጌ በአምቦ ገበያ ከሌለ ማወቁ ምን ይረባል?» የሚሉ አይታጡም። ቆዳን በንጽሕናና በቅባት መጠበቅ፣ በሠለጠነ እጅ በፋሻ መጠቅለል፣ በልክ መንቀሳቀስ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናትም በጥንቃቄ ቀስ በቀስ ክብደት ማንሣት ክንዱን እንደማይጎዳ፣ የእብጠቱንም መባባስ እንደሚቀንስ አስረድቷል። «ከእንግዲህ ምንም አታንሺ» ተብላ ከሥራዋና ከማዕድ ቤቷ የተለየች እናት ያለ ምክንያት ተቀጥታለች።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የሁለቱ ክንዶች ልክ በወረቀት ይጻፍ፤ ያም ወረቀት ከታካሚዋ ጋር ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶና ወደ ጊንጪ ይመለስ፤ የጤና ጣቢያዋም ነርስ በየሦስት ወሩ ለክታ በዚያው ወረቀት ላይ ትጻፍ።