ለአንድ ሰው አንድ ቅጂ



በጥቂቱ ታትሞ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ተሰጥቶትና የደራሲው ፊርማ አርፎበት የሚሸጥ መጽሐፍ አለ። አሳታሚው «ያለን 500 ቅጂ ነው፤ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አንሸጥም» ይላል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ይህ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። በእኛ አገር ቁጥር የተሰጠው እትም ብዙም ባይለመድም፣ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ የተፈረመባቸው ቅጂዎች ከሰልፈኛው ሲያንሱ ያው ጥያቄ ይነሳል፦ «ገንዘቡ ካለኝ አምስት ብገዛ ምን አለበት?» የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ገደቡ ፍትሐዊ ነው። ገደቡን በሌላ ሰው ስም መዝለል ደግሞ ንግድ ሳይሆን ማታለል ነው።

ይህን የሚቃወሙ ወንድሞች ማስረጃ አላቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ በተወደደ ጊዜ «ተምኑልን» ተብለው ሳይተምኑ መቅረታቸውን አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሐዲሱ ግን የሚናገረው ስለ ዋጋ ነው። የቅጂ ገደብ ዋጋን አይነካም። ባለንብረቱ ንብረቱን በምን ሁኔታ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ተናገረ፤ ገዢውም ሰምቶ፣ ተስማምቶ ገባ። ይህ ሸርጥ ነው። ሐላልን ሐራም፣ ሐራምን ሐላል እስካላደረገ ድረስ ሙስሊም በገባው ሸርጥ ላይ እንደሚጸና በሐዲስ ተምረናል።

በሌላ ጽንፍ ደግሞ መጽሐፍ አትርፎ የሸጠን ሁሉ «ሙሕተኪር» የሚሉ አሉ። እዚህም ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። ኢሕቲካር፣ ማለትም ዋጋው እንዲንር ሸቀጥ መደበቅ፣ በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ የተወገዘ ነው። ነገር ግን ኢማም ነወዊን ጨምሮ የሻፊዒ መዝሀብ ዑለማዎች የተከለከለው በምግብ ላይ ያለው ነው ይላሉ። ኢማም ማሊክና ከሐነፊዎች አቡ ዩሱፍ ግን መደበቁ ሕዝብን የሚጎዳውን ነገር ሁሉ ያካትታሉ። የተፈረመበት ልብወለድ እንደ ጤፍ አይደለም፤ ባለማግኘቱ የሚራብ የለም። አንድ ቅጂ በአግባቡ ገዝቶ ከዓመት በኋላ በእጥፍ የሸጠን ሰው በአላህ ዲን ላይ ያለ ዕውቀት መፈረጅ የለብንም።

ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? «ስምህን አውሰኝ» ከሚለው ቃል ላይ ነው። አምስት ቅጂ የፈለገ ሰው የአራት ጓደኞቹን መታወቂያ ይዞ ይሰለፋል፤ ወይም በአራት ኢሜይል ይመዘገባል። የሻጩን ሸርጥ በውሸት አፍርሷል። ስሙን ያዋሰው ጓደኛም «ምን ጎዳሁ?» ይላል። የጎዳው ከሰልፉ መጨረሻ ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደወሰደበት ስለማያውቅ፣ አውፍ በለኝ ብሎ ሐቁን ማስለቀቅ እንኳ አይቻልም።

«ቀድሞ የመጣ ይግዛ» የሚለው ደንብም ለብቻው አይበቃም። በኢንተርኔት ሽያጭ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ገጹን በየሰከንዱ የሚፈትሽና ቅጹን በተለያየ ስም የሚሞላ ኮድ መጻፍ ለአንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የትዕይንት ቲኬት የግዢ ገደብን በእንዲህ ያለ ፕሮግራም መዝለልን ከልክላለች። ሕጉ መጽሐፍን አያነሳም፤ የነውሩ ዓይነት ግን አንድ ነው።

የተሻለው መንገድ ዕጣ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1984 «ዚ አይስ ኦፍ ዘ ድራገን» የተባለ መጽሐፉን በራሱ አነስተኛ ማተሚያ ድርጅት በ1,250 ቅጂ አሳተመ። 250ውን በስጦታ ሰጠ፤ የቀረውን 1,000 የሚገዙትን ሰዎች በዕጣ ለየ። ሀብታሙም ፈጣኑም ከሌላው የበለጠ ዕድል አልነበረውም።

«ዕጣ ቁማር አይደለም ወይ?» ለሚል፣ አይደለም። በቁማር ሰው ገንዘቡን ለዕድል ያስይዛል፤ ካልወጣለት ይከስራል። እዚህ ግን ዕጣ ያልወጣለት ምንም አይከፍልም፤ የወጣለትም የሚከፍለው የመጽሐፉን ዋጋ ነው። በእኩል ባለመብቶች መካከል ዕጣ መጣል፣ በዐረብኛው ቁርዓ፣ በዲናችን የታወቀ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲነሱ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ይጥሉ ነበር። መርየምን ማን ያሳድግ በሚለው ላይ ብዕሮች መጣላቸውንም በሱረቱ ኣሊ ዒምራን እናነባለን።

ይሁንና ገደብም ዕጣም የማይፈታው አንድ በደል አለ፤ እሱም ጽሑፉ ራሱ በጥቂት ሰዎች እጅ ሲቆለፍ ነው። ይኸው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1982 የ«ዘ ዳርክ ታወር»ን የመጀመሪያ ክፍል ሲያወጣ የታተመው 10,000 ቅጂ ያህል ነበር፤ ከዚያ ላይ 500 የተፈረመባቸው። በቀጣዩ ዓመት በወጣ ሌላ መጽሐፉ ውስጥ ስሙ በሥራዎቹ ዝርዝር ሲጠቀስ፣ አንባቢዎች «የት እናገኘዋለን?» እያሉ ደብዳቤ አዘነቡ። ለብዙኃኑ የሚዳረስ እትም የወጣው በ1988 ነው። ፊርማው ቢገደብ ጌጥ ነውና የሚጎዳ የለም። ንባቡ ሲገደብ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድ ኪታብ ለወቅፍ ተሰጥቶ ደረሳው በየተራ ሲቀራበት ያየን ሰዎች ይህ ልዩነት አይጠፋንም።

ስለዚህ ጀመዓችን ደራሲ ወይም ተርጓሚ ጋብዞ የተፈረመበት መጽሐፍ በሚያቀርብበት ጊዜ አራት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ስንት ቅጂ እንዳለ አስቀድሞ ይነገር። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ለወንድሞችም ለእህቶችም በአንድ ሰዓት ይከፈት፤ ወሬው ወደ እህቶች በኩል ሲደርስ መጽሐፉ ያለቀ እንዳይሆን። ሦስተኛ፣ ተመዝጋቢው ከቅጂው ከበለጠ በሁሉም ፊት ዕጣ ይጣልና ለአንድ ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ይሰጥ። አራተኛ፣ ዕጣው ከመጣሉ በፊት አንድ ቅጂ ወቅፍ ሆኖ ለጀመዓው መጽሐፍት ቤት ይቀመጥ፤ ዕጣ ያልወጣለት ሁሉ ያንብበው።

የቀረው የእያንዳንዳችን ነው። ጓደኛ መታወቂያህን ወይም መታወቂያሽን ሲጠይቅ «ለዚህስ አልሰጥም» ማለት ያስቸግራል፤ ይሉኝታው ከባድ ነው። ግን ስም አማና ነው። ዛሬ ለመጽሐፍ የተዋሰ ስም ነገ ለፈተና ወረቀት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለሥራ ጨረታ ይጠየቃል። እምቢ ማለትን በትንሹ ነገር ያልተለማመደ ሰው በትልቁ ቀን አንደበቱ ይያዛል።

ወላሁ አዕለም።