ዝርዝሩ ላይ የማይጻፈው

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው የጥር ሰርግ ሲቃረብ ደጋግሞ የሚቀርብለት ጥያቄ አለ፤ «ካሜራህ ምንድን ነው? ስንት ሜጋፒክስል?» ጠያቂው ሙሽራው ወይም ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሌላ ባለሙያ ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ከፍቶ እያወዳደረ ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ የሚለካ ነገር ይፈልጋል፤ ሜጋፒክስል ደግሞ ቁጥር ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ስለ ሰርጉ ፎቶ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ገጽ ላለው አልበም፣ በጥሩ የኅትመት ጥራት፣ 17 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እንኳ 22 አለው። አልበም ውስጥ ያልገባው ፎቶ ደግሞ በቴሌግራም ተጨምቆ ይላካል፤ እዚያ ላይ የ24ቱንና የ60ውን ልዩነት የሚለይ ዐይን የለም።

የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች የሚሠራ ፎቶ አንሺ ጥሩ ፎቶ የሚያመልጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የያዘው ካሜራ እጁ ስላልገባለት ነው። የካሜራው ክብደት የት ላይ እንደሚያርፍ፣ አውራ ጣት የትኛውን መሽከርከሪያ እንደሚያገኝ፣ ሹተሩ ምን ያህል ሲጫኑት እንደሚተኩስ፣ ሲተኩስ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ሻጩ ከሚሰጠው ዝርዝር ላይ አይገኝም። የዕለቱን ሥራ የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሙሽሪት ከወላጆቿ ቤት ልትወጣ ነው። ሳሎኑ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም መጋረጃ ይዞታል። አባት ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ጉልበት ይስማሉ፤ እናት ከጎን ሆነው ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እዚህ አንሺው አፐርቸሩን 2.8 ላይ ከፍቶ፣ ሹተሩን 125ኛ ሰከንድ፣ አይኤስኦውን 3200 አድርጎ ነው የሚሠራው። ከዚያ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ በሩ ላይ ግፊያ። ግቢው ውስጥ የ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ይበሳል። ያው ካሜራ አሁን አፐርቸር 4፣ ሹተር 2000ኛ ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100 ይፈልጋል። ሲሰላ የዐሥር ስቶፕ ልዩነት ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ስለሚለውጠው ግቢው ከሳሎኑ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ይበራል ማለት ነው። ከሶፋው እስከ ደጁ ያለው ደግሞ ጥቂት ርምጃ ነው፤ ያንንም አንሺው ወደ ኋላ እየሄደ፣ የሚዜዎችን እግር እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ነው የሚያልፈው።

አውቶ ላይ ቢያደርገውስ? ይረዳል፤ ግን አይጨርስለትም። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ክፈፉን ነጭ ቬሎ ሲሞላው ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጨልማል፤ ቬሎው አመድ ይመስላል፣ የሙሽሪት ጠይም ፊት ደግሞ ዝርዝሩ ይጠፋል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲደረደሩበት ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ፊቶቹ ይነጣሉ። ነጭ የአገር ልብስ በለበሱ ዘመዶች መካከል ሰርግ የሚያነሳ ሰው ይህን ግምት ቀኑን ሙሉ ሲያርም ይውላል። የማረሚያውን ነገር ዝርዝሩ ላይ ብትፈልጉት ማርክ 3ም ሆነ ሶኒ ኤ7 3 አንድ ዓይነት ናቸው፦ ሲደመር ሲቀነስ 5 ስቶፕ። እኩል ናቸው ብሎ የሚገዛ ሰው አይፈረድበትም።

እጅ ላይ ሲገቡ ግን እኩል አይደሉም። በካኖኑ ጀርባ አውራ ጣት በተፈጥሮው በሚያርፍበት ቦታ ትልቅ መሽከርከሪያ አለ፤ ዐይን ከመመልከቻው ሳይነሳ ጣት ብቻውን ያዞረዋል፣ እያንዳንዱን ደረጃም ጠቅ ሲል ይቆጥረዋል። በሶኒው ማረሚያው ከላይ በስተቀኝ ጥግ ያለ መሽከርከሪያ ነው፤ ደህና ቦታ ነው፣ ለለመደው ደግሞ ሳያየው የሚያገኘው ነው። ያለመደው ሰው ግን ካሜራውን ከፊቱ ያወርዳል፣ መሽከርከሪያውን ይፈልጋል፣ አንዳንዱማ ሜኑ ውስጥ ይገባል። ቀና ሲል እናትየው ዕንባቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለፎቶ ፈገግ ብለው ይጠብቁታል።

ካሜራ ሠሪዎቹ የአካልን ጉዳይ ከድሮውም ያውቁታል። የላይካው ኦስካር ባርናክ አስም ነበረበት፤ የዘመኑን ከባድ ካሜራና ባለ መስታወት ፕሌት ተሸክሞ ዳገት መውጣት ስላልቻለ ነው እ.ኤ.አ. በ1914 ገደማ ኪስ የሚገባ ካሜራ ለራሱ የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ወጥቶ የዓለምን የጋዜጣ ፎቶ የቀየረው ዕቃ መነሻው የአንድ ሰው ሳንባ ነበር ማለት ይቻላል። ካኖንም እ.ኤ.አ. በ1986 ቲ90ን ሲያወጣ ቅርጹን እንዲያበጅለት የጠራው ሉዊጂ ኮላኒ የተባለ የቅርጽ ባለሙያ ነበር፤ ማዕዘኑ የጠፋው፣ ለመዳፍ ጎበጥ ያለው የዛሬው ካኖን ያኔ ተጀመረ። ይህ ሁሉ ድካም ሽያጭ ላይ ሲደርስ ግን በሜጋፒክስል ይሸፈናል።

ስለ ክብደት የሚወራውም እንዲሁ ግማሽ እውነት ነው። «ሚረርለስ (መስታወት አልባው ካሜራ) ቀላል ነው» ይባላል። ቦዲውን ብቻ ከመዘኑት እውነት ነው፤ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪው 890 ግራም፣ ሶኒ ኤ7 3 ደግሞ 650 ነው። ነገር ግን ሰርግ በባዶ ቦዲ አይነሳም። ለሰርግ የሚመረጠውን 24-70 ባለ 2.8 ሌንስ ስንገጥምባቸው፣ የካኖኑ 805፣ የሶኒው ጂ ማስተር 886 ግራም ይጨምራሉ። ልዩነቱ ወደ 160 ግራም ይወርዳል። ትንሹ ቦዲ ከባድ ሌንስ ሲሸከም ደግሞ ሚዛኑ ወደ ፊት ያጋድላል፤ መያዣው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት ከሥር አየር ላይ ትቀራለች፤ ሸክሙን ሦስት ጣቶች ይካፈሉታል። ሱቅ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ከንጋቱ 12 ሰዓት የጀመረ ሥራ ማታ 4 ሰዓት ሲደርስ፣ ኬክ ተቆርሶ ጭፈራው ሲደምቅ፣ የእጅ አንጓ ይናገራል። የደከመ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ የደከመ ሰውም ከወገቡ ጎንበስ ማለት ይተዋል፤ የማታዎቹ ፎቶዎች ሁሉ ከአንድ ከፍታ የተነሱ ሆነው የሚገኙት ለዚህ ይመስለኛል።

ክርክሬ ገንዘብ ላይ የሚደርሰው በኪራይ ጉዳይ ነው። ቡራዩ ላይ የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች የራሳቸው ካሜራ የላቸውም፤ ወይም ያላቸውን «አሮጌ ነው» ብለው ያፍሩበታል። ስለዚህ ለቅዳሜና እሑድ ሥራ ከአዲስ አበባ በቀን ሒሳብ ይከራያሉ። አንዱ ሳምንት ሶኒ፣ ቀጣዩ ሳምንት የተገኘው ሁሉ። ለደንበኛው የሚነገረው የካሜራ ስም ያምራል። እጅ ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ኒኮን ላይ የለመደ ሰው ካኖን ሲይዝ ሌንሱ የሚፈታበትም የዙሙ ቀለበት የሚዞርበትም አቅጣጫ ይገለበጥበታል። የራሷን ምጣድ የለመደች ሴት ጎረቤት ቤት ስትጋግር የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይበላሹባታል፤ ማንም ሙያዋን አይጠረጥርም፣ ምጣዱን ነው የሚወቅሰው። ፎቶ አንሺ ላይ ሲደርስ ግን ይህን ርኅራኄ ነፍገን ተበላሹ የምንላቸው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የጉልበት መሳሙ ፎቶዎች ናቸው፤ ሰርግ በዚያ ነውና የሚጀምረው። ለዓመት ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ያገለገለ ግን ደህና ቦዲ ቢገዛበት፣ በስም የሚታጣው በፎቶ ይካካሳል ብዬ አምናለሁ።

ሱሉልታ ላይ ፈተናው ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው ትራክም እዚያው ነው፣ ሜዳውም ገና ጎሕ ሲቀድ በሯጭ ይሞላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። በዚያ ሰዓት ሯጮችን የሚያነሳ ሰው ጓንት ያደርጋል፤ ብዙው የንክኪ ስክሪን ደግሞ በጓንት አይታዘዝም። ጥርስ ያለው መሽከርከሪያና ጎላ ያለ ቁልፍ ግን ይታዘዛል። አንድ ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ የሚሮጥ አትሌት በሰከንድ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ጣት የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ብትዘገይ ሰውዬው ከግማሽ ሜትር በላይ አልፏል፤ ከፎከስ ወጥቷል፣ ወይም እግሩ አየር ላይ የነበረበት ቅጽበት አምልጧል። ልምድ ያለው አንሺ ሹተሩን ግማሽ ተጭኖ ይጠብቃል። ያ ግማሽ በየካሜራው ይለያያል፤ አንዱ ላይ የሚታወቅ እርከን አለው፣ ሌላው ላይ ሳያስታውቅ ይተኩሳል። «በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳል» የሚለው ቁጥር ያማልላል፤ በሁለት ተከታታይ ፎቶዎች መካከል ግን ሯጩ ያንኑ ግማሽ ሜትር ይጓዛል። የምትፈልጉት እርምጃ እዚያ መካከል ሊወድቅ ይችላል።

ካሜራና እጅ ምን ያህል እንደሚተሳሰሩ ኢትዮጵያ ውስጥ በከባዱ መንገድ የታየው በመሐመድ አሚን ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረምን ረኃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራማን ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም እዚያው ሞተ። ለካሜራማን የግራ እጅ ሸክሙን የሚይዘው፣ ሌንሱን የሚያዞረው ነው። አሚን ካሜራ ለመያዝ ታስቦ የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ እስከ ሞተበት ቀን ድረስም አልተወውም። ያን ሰው ወደ ሙያው የመለሰው የተሻለ ሌንስ ወይም ፊልም አልነበረም፤ ካሜራው ከአካሉ ጋር እንደገና የሚገናኝበት መንገድ መገኘቱ ነው።

የካሜራ አያያዝ የሚነሳውንም ሰው ይመለከታል፤ ይህን ፎቶ አንሺዎች ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ትልቅ ካሜራ ፊት ሰው ይቆማል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል። ግርማ በርታ የአዲስ አበባ መንገደኞችን በአይፎን እያነሳ፣ ከዙሪያቸው ነጥሎ በደማቅ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ ያኖረባቸው ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ አስገኝተውለታል። የእነዚያ መንገደኞች አረማመድ ያልተሰናዳ ነው፤ ስልክ የያዘ ወጣት ማንንም አያስደነግጥምና። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተክሊል ሥርዓት ሲፈጸም ድምፅ የማያሰማ ሹተር ትልቅ ጸጋ ነው። ይኸው ዝምታ ግን ግቢ ውስጥ ለቡድን ፎቶ የተሰለፉ ሽማግሌዎችን ግራ ያጋባል፤ እነሱ ቀጭ የሚለውን እስኪሰሙ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆያሉ። «ተነሣን እንዴ ልጄ?» ይላሉ፣ ፊታቸው ደርቆ። ድምፁን መልሶ የሚያበራው ሰው ልክ ነው።

በዚህ ሁሉ ዝርዝሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ማታ በድንኳን ሥር፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ፣ በጨለማ ፎከስ የሚይዝ አዲስ ካሜራ የልምድን ጉድለት ይሸፍናል፤ የሰውን ዐይን ፈልጎ የሚይዘው ፎከስ ብዙ ሰርግ አድኗል። ደግሞም ልምድና ምቾት ይምታታሉ፤ «እጄን ፈትቼበታለሁ» የሚል ሰው የማይመች ካሜራን ክፉ ጠባይ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከወጣቶቹ የሚመጣው ነው። ሱሉልታ ላይ ዘንድሮ ሥራ የሚጀምር የ20 ዓመት ልጅ ጣቱ የሠለጠነው ስልክ ላይ ነው። ፎከስ ሲፈልግ ስክሪኑን ይነካል፤ ፎቶው ምን እንደሚመስል ሳያነሳው በፊት ማየት ለምዷል። ለእሱ የማርክ 3 መሽከርከሪያ ባዕድ ነው፣ ውጤቱን መመልከቻው ውስጥ አስቀድሞ የሚያሳየው ሚረርለስ ይቀርበዋል። አሮጌ ካኖን ግዛ ብለው የራሴን ክርክር ማፍረሴ ነው። የሚስማማውን ይግዛ፤ ከገዛም በኋላ ቢያንስ አንድ የሰርግ ወቅት ሳይቀይር ይሥራበት። ሱቅ ሲገባ ግን ባትሪና ሰርግ ላይ የሚጠቀምበት ሌንስ ተገጥሞ ይሰጠኝ ይበል፤ ባለ ሱቁ ቢያጉረመርምም አንድ ሩብ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቁም፣ በአንድ እጁም ደጋግሞ ያንሳው። ብዙ ሱቅ የሚያሳየው ባዶ ቦዲ ነው፤ ባዶ ቦዲ ጨብጦ «ተመችቶኛል» ብሎ የሚከፍል ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ 900 ግራም የሚጠጋ ሌንስ ሲጨመርበት አንጓው ምን እንደሚለው ገና አልጠየቀም።